ካርፑ፣ ቀስተኛውና ፖቶማክ

በግንቦት 1877 ከጀርመን የተጫኑ 345 ዓሦች ውቅያኖስ ተሻግረው ባልቲሞር ገቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 118ቱ ሙሉ ቅርፊት የለበሱ፣ 227ቱ ደግሞ ቅርፊታቸው እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ወይም ጭራሽ የሌላቸው ካርፖች ነበሩ። ይዟቸው የመጣው ሩዶልፍ ሄሰል የሚባል የዓሣ እርባታ ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራውን የሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ በሌሊት ጀልባ ላይ ቆሞ ደጋን የሚስብ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ዓሣ ታሪክ፣ ብዙው የሚመዘዘው ከዚህ ጭነት ነው።

ኮሚሽኑ በ1871 ሲቋቋም መሪነቱ የተሰጠው ለስፔንሰር ቤርድ ነበር፤ በስሚዝሶኒያን ተቋም ስማቸው የገነነ የተፈጥሮ ተመራማሪ ናቸው። ጭንቀታቸው የምር ነበር። ወንዞቹ በግድብ እየተዘጉ፣ ዓሣው ያለ ልክ እየተጠመደ፣ የሚበላው ሕዝብ ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ ነበር። ከአውሮፓ የፈለሱ ገበሬዎችም በአገራቸው ኩሬ የሚያረቡትን ካርፕ ይናፍቁ ነበር። ካርፕ ሙቀት አይበግረውም፣ ድፍርስ ውኃ አይገድለውም፣ ያገኘውን ይበላል፣ ቶሎ ያድጋል፤ አንዲት እናት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ለድሃ ገበሬ ማዕድ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል ተባለ።

ዓሦቹ መጀመሪያ ያረፉት በባልቲሞሩ ድሩይድ ሂል መናፈሻ ነው። በዓመቱ ከፊሎቹ ወደ ዋሽንግተን ተዛወሩ፤ የገቡትም በዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ በነበሩ ኩሬዎች ውስጥ ነው። ሐውልቱ ያኔ ገና ጅምር ነበር፤ በ1854 ተቋርጦ አንድ ሦስተኛው ሳይደርስ እንደ ጉቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ ጉቶ ሥር ነው እንግዲህ የአንድ አህጉር ውኃ የተለወጠው። በ1879 ከኩሬዎቹ 6,203 ጫጩቶች ተገኝተው ለጠያቂዎች ታደሉ። በ1883 የታደለው 260,000 ያህል ደረሰ፤ ካርፕ ያልገባባቸው የምክር ቤት ምርጫ ክልሎች ከ301 ሦስት ብቻ ቀሩ። የምክር ቤት አባላት ለመራጮቻቸው ዓሣ ማስላክን እንደ ውለታ ቆጥረውት ነበር፤ ጫጩቶቹም በባቡር ተጭነው በየጣቢያው ይወርዱ ነበር። በ1889 በዋሽንግተን በኩል የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ ሞልቶ የከተማዋን ፔንሲልቬኒያ ጎዳና ሲያጥለቀልቅ የኩሬዎቹም ድንበር ጠፋ። በ1897 ኮሚሽኑ ማደሉን ሲያቆም ካርፑ ራሱን ችሎ የሚራባ ባለአገር ሆኖ ነበር።

ችግሩ አበላሉ ላይ ነው። ካርፕ አፉን ወደ ታች አሹሎ ጭቃውን ይምጋል፣ የሚበላውን ያስቀርና ቀሪውን ይተፋል። ይህን በሺዎች ሆኖ ሲያደርገው ሥር ይነቀላል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ከታች ያለው ሣር ዘንድ አይደርስም። ሣሩ ሲጠፋ በውስጡ የሚፈለፈሉት የአገሬው ዓሦችና በእሱ የሚኖሩት ዳክዬዎች ይሳሳሉ። የእኛም ሰው ይህን ዓይነት ታሪክ አያጣውም፤ በጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ አይተናል። ካርፕ ራሱም በኮካና በዝዋይ አለ፤ እዚያም ያደረሰው የሰው እጅ ነው።

ወደ ፖቶማክ እንመለስ፤ ቀስቱ ከካርፑ በፊት እዚያ ነበር። እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1608 የቼሳፒክን ወሽመጥና ፖቶማክን በጀልባ ካሰሰ በኋላ፣ በ1612 በታተመው መጽሐፉ የቨርጂኒያ ነባር ሕዝቦች ረጅም ቀስት በገመድ አስረው በወንዝ ውስጥ ዓሣ እንደሚወጉ ጽፏል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1585 ሠዓሊው ጆን ዋይት በዛሬዋ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ የሳለው ሥዕል አለ፤ ከግንድ በተቦረቦረ ጀልባ መካከል እሳት ይነድዳል፣ ሰዎች ዳርና ዳር ቆመው ዓሣ ያጠምዳሉ። ዛሬ የደጋን አጥማጆች ጀልባ በሌሊት ሲወጣ በእሳቱ ፋንታ ጠርዙን ዙሪያ ኤልኢዲ መብራት ይከበዋል። ገመድ የታሰረበት ቀስት፣ ጥልቀት የሌለው ውኃና ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዛሬም የሥራው መሠረት ናቸው። አዲስ ነገር ብለው የሚጀምሩት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል፤ ሙያው ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቶቹም ከመሬታቸው የተገፉ ሕዝቦች ናቸው።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ነገር ግን ምክንያት አለው። ከ14 እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚስብ ደጋን ለጀማሪ ይበቃል፤ ርቀቱ ጥቂት ሜትር ስለሆነ ከዚያ በላይ ኃይል ክንድ ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም። ቀስቱ ከድፍን ፋይበርግላስ የተሠራ ከባድ ዘንግ ነው። ላባ የለውም፤ በአየር ላይ ቀስቱን የሚያቀናው ላባ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከአቅጣጫው ያስወጣዋል። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሱ እሾሆች አሉ፤ ዓሣውን አልፈው ይከፈቱና እንዳያመልጥ ይይዛሉ። ገመዱ ደጋኑ ላይ ከተገጠመ ማጠንጠኛ እየተተረተረ ይከተላል። ጀማሪ አጥብቆ ሊጠነቀቅ የሚገባው ይህን ገመድ ነው፤ በእጅ፣ በልብስ ቁልፍ ወይም በደጋኑ ጅማት ላይ ከተጠላለፈ የተለቀቀው ቀስት ተወጥሮ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ገመዱ የሚታሰረው በቀስቱ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚንሸራተት ትንሽ ቀለበት ነው፤ ደጋኑ ሲሳብ ገመዱ ከጅማቱ ፊት ለፊት ርቆ ይቆያል። ያለዚህ ቀለበት አንድም ቀስት መተኮስ የለበትም።

ከዚያ የውኃው ጨዋታ ይመጣል። ካርፑ የሚታይበት ቦታ ላይ የለም። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ጥልቀት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያየበት ላይ የሚተኩስ ሰው ቀስቱ ከዓሣው ጀርባ በላይ ያልፋል። ልምድ ያላቸው የሚሰጡት መነሻ ልክ አለ፤ ዓሣው 3 ሜትር ርቆ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከጠለቀ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ አነጣጥር ይላሉ። ጥልቀቱ ወይም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ዝቅታውም እጥፍ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲያዩ ጥመቱ ይቀንሳል፤ ጀልባዎቹ ከፊት ከፍ ያለ መቆሚያ ያላቸው አንድም ለዚህ ነው። ቀን የሚወጣ ሰው የውኃውን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፖላራይዝድ መነጽር ያስፈልገዋል፤ በተለይ በጸደይ፣ ካርፖቹ ለመራባት ወደ ዳርቻው ሣር ወጥተው ጀርባቸው ከውኃው በላይ እየታየ ሲንቦጫረቁ።

ፖቶማክ ላይ ቀስተኛውን የሚስበው ሁለተኛ እንግዳ ስኔክሄድ ይባላል። ራሱ እባብ የመሰለ፣ ቆዳው እንደ ዘንዶ የተዥጎረጎረ፣ አየር መሳብ የሚችል የእስያ ዓሣ ነው። በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን በአንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ አገር ተረበሸ፤ ኩሬው መርዝ ተረጭቶበት ዓሦቹ ተፈጁ። በ2004 ግን በፖቶማክ ውስጥ ታየ፤ አሁን የወንዙ ነዋሪ ነው። ሌሊት በሣሩ መሐል ፀጥ ብሎ ስለሚቆም ለቀስት የተመቸ ነው። ሥጋው ነጭና ጠንካራ፣ ለጥብስም ለወጥም የሚሆን ነው።

አሁን ወደምቆረቆርበት ነገር ልምጣ። መንጠቆ የያዘው ዓሣ ሊለቀቅ ይችላል፤ ቀስት የወጋው ግን አይመለስም። ተኳሹ ከመልቀቁ በፊት የሚያየውን ዓሣ በስሙ ማወቅ አለበት። ፖቶማክ ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ስተርጅን የሚባል ዓሣ አለ። አፉ እንደ መርፌ የረዘመው፣ ዘሩ ከዳይኖሰሮች ዘመን የመጣው “ሎንግኖዝ ጋር” የሚባለው ዓሣም የወንዙ ተወላጅ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን "ቆሻሻ ዓሣ" ተብሎ ከካርፑ ጋር ተደምሮ ሲገደል ኖሯል። ይህ ንቀት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2019 ታየ። ካርፕን የሚመስለውና ቀስተኞች በብዛት የሚገድሉት የአሜሪካ ተወላጅ፣ ቢግማውዝ ቡፋሎ የሚባለው ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ እንደሚኖር ተመራማሪዎች አረጋገጡ፤ አንዷ 112 ዓመቷ ነበር። ቤርድ ካርፑን ከማስመጣታቸው ጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ተፈልፍላ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረች ፍጥረት ናት። እንዲህ ያለችን በካርፕ ስም መግደል ለየትኛውም ውኃ አንዳች ጥቅም የለውም።

በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ይህን ወንዝ ጠዋት ማታ በድልድይ የሚሻገር ወገናችን ሊጀምር ቢያስብ፣ ደጋን ከመግዛቱ በፊት ሕጉን ይወቅ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የፖቶማክም ወሰን እንደሚመስለው መሐል ለመሐል አይደለም፤ ከ1632ቱ የንጉሥ ቻርተር ጀምሮ ከዋሽንግተን በታች ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። በየትኛው ውኃ የትኛው ዓሣ በቀስት እንደሚፈቀድ፣ ከቤትና ከመናፈሻ ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ ከየግዛቱ የዓሣ መሥሪያ ቤት ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ፈቃድ ካለው መሪ ጋር በጀልባው መውጣት ከሁሉ ይሻላል፤ ስኔክሄዱን ቦውፊን ከሚባለው የአገሬው ዓሣ ከሆዱ በታች ወደ ጭራው ባለው ክንፍ መለየት የሚማሩት እንዲያ ነው። ያ ክንፍ በስኔክሄዱ ረጅም ነው፣ በቦውፊኑ አጭር። የተገደለውም ዓሣ ዳርቻ ላይ አይጣልም። ስኔክሄዱ ይበላል፤ ካርፑን የማይበላ ሰው ከጓሮው አፈር ሥር ይቅበረው፣ ለሸርጣን አጥማጅ ማጥመጃም ይሆናል።