የመለኪያ ማይክሮፎን ቅድመ ማጉያ

የመለኪያ ማይክሮፎን ቅድመ ማጉያ የኮንደንሰር ማይክሮፎን ካፕሱል የሚያመነጨውን ሲግናል ተቀብሎ በኬብል ወደ መለኪያ መሣሪያ የሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። የኮንደንሰር ማይክሮፎንን አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌንት በ1916 እ.ኤ.አ. ፈለሰፈ። የካፕሱሉ ካፓሲታንስ በፒኮፋራድ የሚቆጠር በመሆኑ ኬብል በቀጥታ ቢገናኝበት ሲግናሉ ክፉኛ ይዳከማል፤ ስለዚህ ቅድመ ማጉያው ከካፕሱሉ ጋር ተያይዞ ይገጠማል።

የተለመደው ዓይነት ቮልቴጅ አያሳድግም፤ የማጉላት መጠኑ ከ1 በጥቂቱ ያንሳል። ዋና ተግባሩ በጣም ከፍተኛ የግቤት ኢምፔዳንስንና ዝቅተኛ የውጤት ኢምፔዳንስን ማገናኘት ነው። የግቤቱ ካፓሲታንስ ከካፕሱሉ ጋር ቮልቴጅ ስለሚከፋፈል የማይክሮፎኑን ትብነት ይቀንሳል። ለምሳሌ 18 ፒኮፋራድና በፓስካል 50 ሚሊቮልት ትብነት ያለው ካፕሱል 0.5 ፒኮፋራድ ግቤት ካለው ቅድመ ማጉያ ጋር ሲገናኝ ወደ 48.6 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ቅናሹ 0.24 ዴሲቤል ገደማ ነው። ባለ 6 ፒኮፋራድ ካፕሱል ላይ ግን 0.7 ዴሲቤል ይደርሳል። የግቤቱ ሬዚስታንስ ደግሞ ዝቅተኛውን የፍሪኩዌንሲ ወሰን ይነካል፤ የቅድመ ማጉያው የራሱ ኖይዝም ሊለካ የሚችለውን ዝቅተኛ የድምፅ መጠን ይገድባል።

ቅድመ ማጉያ ሲቀየር የማይክሮፎኑ ትብነት ስለሚለወጥ የመለኪያ ሰንሰለቱ በድምፅ ካሊብሬተር፣ ብዙውን ጊዜ በ1000 ኸርዝና በ94 ዴሲቤል፣ እንደገና ይስተካከላል።