ስፓይስ፤ ከመማሪያ ክፍል የወጣ መሣሪያ

ቀድሞ መሐንዲሱ ያቀደውን የኤሌክትሪክ ሰርኪት የሚፈትነው ዕቃዎቹን በገበታ ላይ ሰክቶ በመለኪያ እየለካ ነበር። ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንዲት የሲሊኮን ቁራጭ ላይ መሥራት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲለመድ ግን ዘዴው አልበቃም። በገበታ የተሰካው በቁራጩ ላይ ካለው ጋር አንድ ጠባይ አያሳይም፤ የተሠራውም ቁራጭ ተከፍቶ አይጠገንም። ስለዚህ ሰርኪቱን አስቀድሞ በሒሳብ መፈተን ግድ ሆነ።

የምንመለከተው በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ፥ በበርክሌ የሆነውን ነው። በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር ሮናልድ ሮረር ስለ ሰርኪት ትንተና ሲያስተምሩ፥ ተማሪዎቹ ራሳቸው ፕሮግራም እንዲጽፉ አዘዙ። ፈራጁ ባልደረባቸው ዶናልድ ፔደርሰን ነበሩ፤ እርሳቸው ከተቀበሉት ሁሉም ያልፋሉ፥ ካልተቀበሉት ሁሉም ይወድቃሉ። (እንዲህ ያለ ፈተና በእኛ ክፍል ቢታወጅ የሚነሣውን ጩኸት ለመገመት አያዳግትም።) ፔደርሰን ተቀበሉት።

ፕሮግራሙ «ካንሰር» ተባለ። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተሠራ ሲሆን፥ መጨረሻው «ጨረርን ሳይጨምር» ማለት ነው። በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ሰርኪቱ የኑክሌር ጨረርን መቋቋሙን እንዲያሰሉ ይጠየቁ ነበርና፥ ተማሪዎቹ በዚያ ሥራ እንደሌሉበት በስሙ አስታወቁ።

ከእነርሱ አንዱ ሎረንስ ናጌል ሥራውን ከፔደርሰን ጋር ቀጠለ። ፔደርሰን ፕሮግራሙ ለማንም በነጻ እንዲሰጥ አጥብቀው ያዙ። በ1973 «ስፓይስ» በሚል ስም ወጣ፤ በ1975 ሁለተኛው ተከተለ። ተመራቂዎችም ወደየፋብሪካው ይዘውት ሄዱ።

ለእኛ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን የትምህርቱ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የቮልቴጁን መጠን ገምቶ ይነሣል፤ ልዩነቱ እጅግ እስኪያንስ ድረስም ሒሳቡን ይደጋግማል። አንዳንድ ጊዜ ከቶ አይረጋም። የጻፉት ተማሪዎች ምክንያቱን ያውቁ ነበር። ተቀብሎ ብቻ የሚሠራበት ተማሪ ግን የተፈቀደውን የስሕተት መጠን እያሰፋ ፕሮግራሙን ዝም ያሰኘዋል፥ የወጣውንም ቁጥር በሪፖርቱ ይገለብጣል። ይህን ከመካከላችን ያላደረገ ጥቂት ነው። ሮረር የጠየቁት መልሱን ሳይሆን መልስ ሰጪውን መሥራት ነበርና፥ ክፍላቸው ከዚህ ተርፏል።

በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ትእዛዝ በተበሳ ካርድ ላይ ይጻፍ ነበር። ዛሬም የተበሳ ካርድ ዓይቶ የማያውቅ ተማሪ በስፓይስ የሚጽፈውን የትራንዚስተር መግለጫ መስመር «ካርድ» ሲል ይሰማል።