ተመሳሳይ ትርጉም ያለውን ቃል ምረጡ

የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ የማትቀር ጥያቄ አለች። አንድ ቃል ይሰመርበትና ከሥሩ ከኤ እስከ ዲ አራት ምርጫ ይደረደራል። “ተመሳሳይ ትርጉም ያለውን ምረጡ” ይላል። እኛም እናከብባለን። እንዲህ እያከበብን አድገን በሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት መሀል የእኩል ይሆናል ምልክት ማስገባት ልማድ ሆኖብናል። ጋዜጠኝነት የተማርነውማ ብሰናል፤ ዜናው ለስምንት ሰዓት መድረስ ስላለበት መጀመሪያ የመጣልንን አማርኛ ለጥፈን እናልፋለን።

ችግሩ፣ እንግሊዝኛውን የሚናገሩት መንግሥታት ራሳቸው በዚያ የእኩል ይሆናል ምልክት አያምኑም። ከሁለት መንትያ ቃላት አንዱን ለመምረጥ የሕግ ባለሙያ ሰብስበው ያመሻሉ። የሚመርጡትም ለጆሮ ስለጣማቸው አይደለም። አንደኛው ቃል ግዴታ ስላለበት፣ ሌላኛው ስለሌለበት ነው። ጥቂቶቹን ከታሪክ እናንሳ። (ሌላ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኩባ እንጀምር። በኦክቶበር 1962 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የኑክሌር ሚሳይል ጣቢያ እየሠራች መሆኗን ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። ኬኔዲና አማካሪዎቻቸው ለቀናት በር ዘግተው ከተከራከሩ በኋላ፣ የባሕር ኃይሉ ወደ ደሴቲቱ የጦር መሣሪያ የሚጭኑ መርከቦችን መንገድ ላይ እንዲያስቆም ወሰኑ። ይሄ ነገር የታወቀ ስም አለው፤ ብሎኬድ ይባላል። በዓለም አቀፍ ሕግ ደግሞ ብሎኬድ የጦርነት ድርጊት ነው። የአንድን አገር ባሕር በብሎኬድ ዘጋሁ ማለት ጦርነት ከፈትኩ እንደማለት ነው። ስለዚህ ኬኔዲ ኦክቶበር 22 ማታ በቴሌቪዥን ቀርበው እርምጃቸውን ሲያውጁ ብሎኬድ አላሉትም። “ኳራንቲን” አሉት።

ኳራንቲን የሐኪም ቤት ቃል ነው። የመጣው ከጣልያንኛው “አርባ” ነው፤ ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ መርከብ ወደብ ሳይገባ አርባ ቀን እንዲቆም ይደረግ ከነበረበት ዘመን። እኛ በ2020 በኮሮና ጊዜ “ወሸባ” ስንለው የከረምነው ማለት ነው። ኬኔዲ በአንዲት ቃል ኩባን በሽተኛ፣ ራሳቸውን ሐኪም አደረጉ። መርከቦቹ ግን ያው የጦር መርከቦች፣ መድፎቹም ያው መድፎች ናቸው። ክሩስቾቭ አልተሸወዱም፤ ኦክቶበር 24 በጻፉት ደብዳቤ እርስዎ ያወጁት ኳራንቲን ሳይሆን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው አሏቸው። ቢሆንም ስሙ ሥራውን ሠርቷል። ሞስኮ “ጦርነት ታወጀብኝ” ብላ ለመመለስ የምትገደድበት ቃል ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በእኔ ግምት ቃል መምረጥ ዓለምን ከጠቀመባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይሄ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያምርም። በእኛው ላይ የተመረጡትን ቃላት እንይ።

ፌብሩዋሪ 1941፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም እያመሩ ነው። በ4ኛው ቀን የብሪታኒያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን ፓርላማቸው ፊት ቆሙ። መንግሥታቸው ነፃ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ብቅ ማለቱን በደስታ እንደሚቀበል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዙፋኑ ላይ ያላቸውንም “ክሌይም” እንደሚያውቅላቸው ተናገሩ። ክሌይም ናት ቃሏ፤ “ራይት” አይደለችም። አማርኛችን ልዩነቱን ለመያዝ አይቸገርም። ራይት መብት ነው፤ ክሌይም ደግሞ ይገባኛል ባይነት። መብት ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ቤቱ ይገባል። ይገባኛል ባዩ ግን ዳኛ ይጠብቃል።

ለምን እንዲህ ቆጠቧት? አንደኛ ነገር፣ ይህችው ብሪታኒያ ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን በ1938 በሕጋዊነት አውቃላት ነበር። ሁለተኛ፣ ከድሉ በኋላ አገሪቱን ማን እንደሚያስተዳድር ሎንዶን ገና እጇን መስጠት አልፈለገችም። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 ቀን 1941፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ሲገቡ የብሪታኒያ ጦር ያቋቋመው የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ቀድሟቸው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ስም “ኦኪዩፓይድ ኤነሚ ቴሪቶሪ አድሚኒስትሬሽን” ይባላል። በጦር የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር ማለት ነው።

እስቲ አስቡት! አርበኛው አምስት ዓመት በዱር በገደል ኖሮ ነፃ ወጣሁ ብሎ ይፎክራል። ወረቀቱ ላይ ግን የቆመበት መሬት የጠላት ግዛት ነው። በዚያን ቀን ተርጓሚ ቆሞ “ኦኪዩፓይድ”ንም “ሊበሬትድ”ንም “እንግሊዞች የገቡበት” ብሎ ቢያልፈው ማን ያውቅበታል? ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው። ነፃ የወጣ አገር ባለቤት አለው፤ ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ነው። የተያዘ የጠላት ግዛት ከተባለ ግን የያዘው ጦር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ በጦር ሕግ የማስተዳደር ሥልጣን አለኝ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ሜይ 11፣ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የብሪታኒያ ሹማምንት ቅር የተሰኙት በዚሁ ምክንያት ነው። ጃኑዋሪ 31 ቀን 1942 የተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያን ነፃ መንግሥት ብሎ ተቀበለ፤ የብሪታኒያው መልዕክተኛ ግን ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን ተደረገ። አብዛኛው ኦጋዴን ከብሪታኒያ አስተዳደር የወጣው በ1948፣ ሐውድ ደግሞ በ1955 ነው።

በነገራችን ላይ ሆን ተብሎ ብዥ እንዲል የሚመረጥ ቃልም አለ። ኤፕሪል 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና የቻይና ተዋጊ ጄት ሃይናን ደሴት አጠገብ ተጋጩ። የቻይናው አብራሪ ሞተ፤ 24ቱ አሜሪካውያን ሃይናን ላይ አርፈው ተያዙ። ቤይጂንግ “አፖሎጂ” ካልሰማሁ አልለቅም አለች። አፖሎጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ስለሆነ ዋሽንግተን እምቢ አለች፤ “ሪግሬት” ብላ ሞከረች፤ አልበቃም። በመጨረሻ ኤፕሪል 11 በተሰጠው ደብዳቤ ላይ “ቬሪ ሶሪ” ተጻፈ። እንግሊዝኛው ሶሪ ለቅሶ ቤት ሄደህ “አዝናለሁ” ስትልም ያገለግላል፣ የሰው እግር ረግጠህ “ይቅርታ” ስትልም ያገለግላል። ቻይናዎቹ ለሕዝባቸው ወደ ይቅርታው አስጠግተው ተረጎሙት፤ አሜሪካኖቹ ይቅርታ አልጠየቅንም አሉ። ሰዎቹ አገራቸው ገቡ። ሁለቱም አሸነፉ፤ ጥሩ ሐሰት ነበር።

አሁን ወደ ሩዋንዳ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

“ጄኖሳይድ” የሚለው ቃል በዕድሜ ከአያቶቻችን ያንሳል። የፈጠረው ራፋኤል ለምኪን የተባለ የፖላንድ አይሁዳዊ የሕግ ባለሙያ ነው፤ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ። ከእሱ በፊት ጭፍጨፋ፣ እልቂት፣ ግፍ የሚሉ ቃላት በየቋንቋው ሞልተው ነበር። ለምኪን ግን ከነሕጉ የሚመጣ ስም ፈለገ። ዲሴምበር 9 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋትን ስምምነት አጸደቀ። ፈራሚዎቹ ወንጀሉን ለመከላከልና ለመቅጣት ግዴታ ገቡ። ይህን ስምምነት በዓለም መጀመሪያ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት፤ ጁላይ 1 ቀን 1949። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ኤፕሪል 1994 ሩዋንዳ ውስጥ ቱትሲዎች በየቤታቸው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመንገድ ኬላው ይታረዱ ጀመር። በ21ኛው ቀን የጸጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን የሰላም አስከባሪ ጦር ወደ 270 ሰው ገደማ እንዲቀነስ ወሰነ። ሜይ 1 ቀን በአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ አንድ የውይይት ወረቀት፣ በኋላ ይፋ የወጣ፣ ጄኖሳይድ ብሎ ስለመጥራት ተጠንቀቁ ይላል። ምክንያቱንም አልደበቀም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ ሰዎች ሰግተዋል፤ እንዲያ ብለን ከደመደምን መንግሥታችን የሆነ ነገር ለማድረግ ሊገደድ ይችላል ነው የሚለው።

መፍትሔ ተገኘ። ቃል አቀባዮች “ጄኖሳይድ ተፈጽሟል” አይሉም፤ “አክትስ ኦፍ ጄኖሳይድ ተፈጽመዋል” ይላሉ። የዘር ማጥፋት ድርጊቶች አሉ፣ የዘር ማጥፋት ግን አለ አላልንም። እንደ ፈተናው ቢሆን ሁለቱን አንድ ላይ እናከብባቸው ነበር። ጁን 10፣ ግድያው ከተጀመረ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ የሮይተርሱ ጋዜጠኛ አለን ኤልስነር የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይዋን ክሪስቲን ሼሊን በመግለጫ ላይ ጠየቃቸው፤ ስንት የዘር ማጥፋት ድርጊት ሲደመር ነው አንድ የዘር ማጥፋት የሚሆነው? ሴትየዋ ይህን ለመመለስ በሚያስችል ቦታ ላይ አይደለሁም አሉ። ተከታታይ ጥያቄ እንዴት ይጠየቃል ለሚለው ትምህርት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጥያቄው ሰው ግን አላዳነም። በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ግድያው ካበቃ በኋላ ሰማያዊ ቆብ አድርገው ሩዋንዳ ከገቡት መሀል የኢትዮጵያ ሻለቃም ነበር።

ታዲያ ቃሉ ቢነገር ኖሮ ይረዳ ነበር? እኔ ለረጅም ጊዜ አዎን ባይ ነበርኩ፤ ዳርፉር እስኪመጣ። ሴፕቴምበር 9 ቀን 2004 ኮሊን ፓወል፣ ያኔ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ሴኔት ፊት ቀርበው ዳርፉር ውስጥ የተፈጸመው ጄኖሳይድ ነው አሉ። “አክትስ ኦፍ” የለ፣ ምን የለ፤ ሙሉውን ቃል። በዚያው ንግግራቸው፣ ይህ ድምዳሜ አዲስ እርምጃ እንድንወስድ አያስገድደንም ብለው ቀጠሉ። የ1994ቱ የሕግ ሰዎች ያን ያህል የሸሹት ቃል እንግዲህ ይሄ ነበር።