ከፋዩና ተማሪው፦ የወላይታ ትምህርት ወጪ ታሪክ

የአንድን አገር የትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የትምህርት ቤቶቹን ምሥረታና የመምህራኑን ስም በጥንቃቄ ሲመዘግቡ፣ ወጪውን ማን እንደ ከፈለና የከፋዩ ልጅ ተምሮ እንደ ሆነ ግን ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ የወላይታን ታሪክ በዚህ ጥያቄ የመረመረ ሰው፣ ከፋዩና ተማሪው ለረጅም ዘመን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው እንደ ኖሩ ይረዳል።

የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ድል ከተደረጉ በኋላ፣ ሠራዊቱን ተከትለው የመጡት ካህናት በየተተከለው ደብር ፊደልና ዳዊት ማስተማር ያዙ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የምእመናንን ምጽዋት እየተመገበ ይማር ስለ ነበር፣ ይህ በአገራችን የመጀመሪያው የድኻ ተማሪ ድጋፍ ነበር ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ እህሉንና ጉልበቱን ለመልከኛው የሚያስረክበው የወላይታ ገባር፣ ለደብሩ መተዳደሪያ ከላቡ እየከፈለ፣ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ወደሚሰጠው ትምህርት የሚገባበት በር እጅግ ጠባብ ነበር።

በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን መልእክተኞች በሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፍረው ከሕክምናው ጋር ንባብን ማስተማር ጀመሩ፤ ኢጣሊያኖች ካባረሯቸው በኋላም ምእመናኑ ራሳቸው አንዱ ሌላውን እያስነበበ ትምህርቱን አስፋፉት። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የሚስዮን ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን አዘዘ።

የነገሩ ዋና ምሥጢር ግን የሚገኘው በ1940 ዓ.ም. በታወጀው የትምህርት ግብር ላይ ነው። ይህ ግብር በመሬት ላይ የተጣለ ሲሆን፣ በሕግ ከፋዩ ባለ ርስቱ ቢሆንም፣ ብዙ ባለ ርስቶች ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያዛውሩት ነበር። በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የወላይታ አውራጃ ገበሬ እንዲህ እየከፈለ ሳለ፣ አብያተ ትምህርቱ በአዲስ አበባ፣ በሸዋና በኤርትራ ከተሞች በዙ፤ በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ተማሪው ያለ ክፍያ ሲማር፣ መኝታና ምግብ ሲያገኝ፣ ይህ ቸርነት የደረሰው አስቀድሞ ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሱት ጥቂቶች ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጻ ትምህርት የተባለው ነገር ላልተማረው ገበሬ ነጻ አልነበረም።

ከአብዮቱ በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተነሣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሥራውን ከጀመረባቸው አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ሆነ፤ ሽማግሌዎችና እናቶችም በገዛ ቋንቋቸው ፊደል ለመቍጠር ቻሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ይህንኑ ለሕፃናት ቢያጸናም፣ አራት ቋንቋዎችን ያቀላቀለው «ወጋጎዳ» የተባለ መጽሐፍ ሕዝቡ ሳይጠየቅ በመጣ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ተነሣ፣ ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

በ1996 ዓ.ም. የጸናው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ዋጋ፣ ከማስተማሪያውም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ከደመወዙ እየተቈረጠ እንዲከፍል ደነገገ። ምሩቃን «ኮስት ሼሪንግ» ብለው የሚያማርሩበት ይህ ዕዳ፣ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በደጃፋቸው ለተከፈተላቸው ወጣቶችም የሚያስጨንቅ ቢሆንም፣ በሐሳቡ ግን ከቀደመው ሥርዓት ይልቅ ወደ ርትዕ የቀረበ ነው፤ የተጠቀመው ሰው ከጥቅሙ እንዲመልስ ያደርጋልና። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ ምሩቁ የሚመልሰው ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ከመድረሱ በፊት የወደቀውን ልጅ አያነሣውም። የወላይታ መሬት ለሕዝቡ ጠቦ፣ ብዙ ታዳጊዎች ከክፍል ወጥተው በአዲስ አበባ ጎዳና የሊስትሮ ሣጥን ይዘው ሲቀመጡ፣ ለእነርሱ የተዘጋው በር የሶዶው ዩኒቨርሲቲ በር ሳይሆን የቀበሌያቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ነው።

እንግዲህ ለትምህርት እኩልነት የሚሟገት ሰው ከኮሌጅ ድጎማ ብቻ ቢጀምር ሙግቱ ግማሽ ይሆናል። ከምሩቃን የሚሰበሰበው ዕዳ ቢያንስ በከፊል ለድኻ ልጆች ደብተር፣ መጽሐፍና የትምህርት ቤት ምገባ እንዲውል በሕግ ቢወሰን፣ ከ1940ው ግብር ጀምሮ ሳይማር ሲከፍል ለኖረው ገበሬ የሚገባው ብድር በልጅ ልጆቹ እጅ መመለስ ይጀምራል።