የዘጠኙ ወንበሮች ታሪክ

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያነበበ ሰው የፕሬዚዳንቱን የሥራ ዘመንና ከየግዛቱ የሚመረጡትን የሴኔት አባሎች ቍጥር ተጽፎ ያገኘዋል። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስንት ዳኞች እንደሚቀመጡ ግን አንድም ቃል አያገኝም። ሕገ መንግሥቱ ዳኞቹ መልካም ጠባይ እስካላቸው ድረስ ከወንበራቸው እንዳይነሡ ከወሰነ በኋላ፥ ቍጥራቸውን ለኮንግሬስ ትቶታል። ክርክሩም ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1789 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ዳኞች 6 ነበሩ። አገሩ በ3 የዳኝነት ክፍል ስለ ተከፈለ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ዳኛ ደረሰው። በዚያን ጊዜ ዳኞቹ በዋና ከተማ ተቀምጠው ባለጕዳይ የሚጠብቁ ብቻ አልነበሩም፤ በፈረስና በሠረገላ፥ በክረምት ጭቃ ሳይቀር፥ እየዞሩ ያስችሉ ነበር። ይህም በቤቴል፥ በጌልገላና በምጽጳ እየዞረ ይፈርድ የነበረውን ነቢዩ ሳሙኤልን ያሳስበናል። አገሩ ወደ ምዕራብ እየሰፋ ሲሄድ ክፍሎቹ በዙ፤ ከክፍሎቹም ጋር ዳኞቹ በ1807 ዓ.ም. 7፥ በ1837 ዓ.ም. 9 ሆኑ።

ነገር ግን አከፋፈሉ ፍትሕ የጐደለው ነበር። ከ9ኙ ክፍሎች 5ቱ ባርነት በሕግ ከጸናባቸው ግዛቶች የተቈረጡ ነበሩ። ድሬድ ስኮት የተባለው ባርያ፥ ባርነት በተከለከለበት ምድር ኖሬአለሁና ነፃነቴ ይታወቅልኝ ብሎ ሲከስ፥ በ1857 ዓ.ም. ከ9ኙ ዳኞች 7ቱ ፈረዱበት። ዋናው ዳኛ ሮጀር ቶኒ ጥቍር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። ከአራት ዓመት በኋላም የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

በጦርነቱ መካከል፥ በ1863 ዓ.ም.፥ ለምዕራቡ ዳርቻ ሲባል አሥረኛ ወንበር ተጨመረ። በ1866 ዓ.ም. ደግሞ ከፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ጋር የተጣላው ኮንግሬስ፥ ዳኛ ሲሞት ወይም ሥራውን ሲለቅ ሌላ ሳይተካበት ቍጥሩ ወደ 7 እንዲወርድ ደነገገ። ጆንሰንም አንድ ዳኛ እንኳ ሳይሾም ሥልጣኑን ለቀቀ። ወዲያው በ1869 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 9 ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም 9 ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሩዝቬልት ነው እንጂ፥ እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የ1866ቱ ሥራ ይብሳል፤ ምክንያቱም ያኛው ሙከራ ሲሆን ይህ ተፈጽሟል።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1936 ዓ.ም. ምርጫ ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። ሆኖም በድህነት የተጨነቀውን ሕዝብ ለመርዳት ካወጣቸው ሕጎች ብዙዎቹን ፍርድ ቤቱ ሽሮበት ነበር። ስለዚህ በየካቲት 1937 ዓ.ም. ሰባ ዓመት አልፎት ሥራውን ለማይለቅ ለእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ተጨማሪ ዳኛ ልሹም፥ ቍጥሩም እስከ 15 ይድረስ ብሎ ጠየቀ። ምክንያት ያደረገውም ሽማግሎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚል ነበር። ይህ ምክንያት አላማረለትም። ዋናው ዳኛ ቻርልስ ሂዩዝ ሥራችን አልተጓተተም ሲል በደብዳቤ መለሰ። ከሁሉ የሚያስገርመው፥ ከዳኞቹ በዕድሜ የበለጠው የ80 ዓመቱ ሉዊስ ብራንዳይስ ብዙ ጊዜ ለሩዝቬልት ሕጎች የሚያደላ ሰው መሆኑ ነው! በሐምሌ ወር የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ተቃውመውት፥ ሴኔቱ ሐሳቡን በ70 ድምፅ በ20 ላይ ወደ ኮሚቴ መልሶ ቀበረው።

ሩዝቬልት የተመኘውን በኋላ ያገኘው አንድ ወንበር ሳይጨምር ነው። ዳኞቹ በየተራቸው ሥራቸውን ለቀቁ፤ አንዳንዶቹም ሞቱ፤ እርሱም ተካባቸው። በ1954 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ነጭና ጥቍር ልጆችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ፥ የዳኞቹ ቍጥር እንደ ድሬድ ስኮት ዘመን ያው 9 ነበር፤ ከእነርሱም 5ቱ ሩዝቬልት የሾማቸው ነበሩ። በዚያ ፍርድ ከ9ኙ አንድም የተለየ አልነበረም።