ያረጀ ቤንዚንን ከተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ማውጣት

ያረጀ ቤንዚንን ከተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ማውጣት ለወራት ሳይሠራ የቆመ ጄኔሬተር እንደገና ከመነሳቱ በፊት፣ ወይም ጄኔሬተሩ ለረጅም ጊዜ ሊቀመጥ ሲል የሚደረግ የጥገና ሥራ ነው። ከካቻቢቴ፣ ከቱቦና ከጀሪካን የበለጠ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አደጋው የሚመጣው በአብዛኛው ከሚታየው ፈሳሽ ሳይሆን ከማይታየው ትነት ነው።

ቤንዚን ለምን ያረጃል

ቤንዚን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። ሲቆይ በመጀመሪያ ቀለል ያሉት ክፍሎቹ ተንነው ያልቃሉ። ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ የሚረዱት እነዚህ ስለሆኑ፣ ያረጀ ነዳጅ የያዘ ጄኔሬተር ገመዱ ደጋግሞ ቢሳብም አልነሳ ይላል። የቀረው ክፍል ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሠራል፤ ዝቃጩም በካርቡራቶር ውስጥ ያሉትን በጣም ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አብዛኛው ቤንዚን ከ3 እስከ 6 ወር ሳይበላሽ ይቆያል፤ ሙቀትና በደንብ ያልተዘጋ ክዳን ጊዜውን ያሳጥሩታል። የጠቆረ ቀለምና የኮመጠጠ ሽታ የእርጅና ምልክቶች ናቸው።

ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ኤታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያና ወደ ታች ይዘቅጣል። በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ኤታኖል ይደባለቅ ነበር።

የትነቱ ጠባይ

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ በጉድጓድና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ሲደርስ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ስለዚህ በበረንዳ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ከሌላ ክፍል ካለ የከሰል ምድጃ እሳት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሥራው የሚሠራው በውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነው። በግቢው ውስጥ ቡና እየተፈላ ወይም ብየዳ እየተሠራ ከሆነ ነዳጁ ይቆይ።

አሠራሩ

ሞተሩ ይጠፋና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በእጅ እስኪነካ ድረስ ይቀዘቅዛል። የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፤ ባትሪ ካለውም ይፈታል። ጀሪካኑ ለነዳጅ የተሠራ መሆን አለበት። በስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይነሳ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በመኪና ጭነት ላይ ወይም በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሆኖ አይሞላም። ሠራተኛውም ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ከጄኔሬተሩ ራቅ ብሎ መሬት ውስጥ የተተከለ ብረት ቢነካ ጥሩ ነው።

ከታንከሩ የሚወጣው ነዳጅ በእጅ ፓምፕ ይሳባል። ቱቦ ከቶ በአፍ መሳብ የተለመደ ቢሆንም ከሁሉም የከፋው ዘዴ ነው። ቤንዚን ከመዋጡ ይልቅ ትንታ ሲያስከትልና ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ሲገባ የበለጠ ይጎዳል፤ ከባድ የሳንባ ብግነት ያስከትላል። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ ነዳጁን ሁለተኛ ጊዜ በጉሮሮው በኩል ማሳለፍ ስለሆነ አይደረግም። ወተትም ማርከሻ አይደለም። ሰውየው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ፓምፕ ከሌለ በካርቡራቶሩ ሥር በኩል ማውጣት ይቻላል። በብዙ ጄኔሬተሮች ከካርቡራቶሩ ጎድጓዳ ክፍል በታች ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለች። ዕቃ ከሥሯ ተደርጎ ብሎኗ ስትላላና የነዳጅ መዝጊያው ሲከፈት፣ የታንከሩ ነዳጅ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ውሃና ዝቃጭ ነው። በመጨረሻ ብሎኗ ትጠብቃለች፤ ጥርሷ ለስላሳ ብረት ላይ ስለሆነ ኃይል አያስፈልጋትም። የፈሰሰው ተጠርጎ ትነቱ እስኪጠፋ ከተጠበቀ በኋላ ካንዴላው ይገጠማል፣ ትኩስ ነዳጅ ይሞላል።

ዝቃጩ አስቀድሞ ከደረቀ ነዳጁን ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ጄኔሬተሩ ሊቀመጥ ከሆነ ግን የነዳጅ መዝጊያውን ዘግቶ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ በውጭ ማስነሳት፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውን ያስጨርሳል።

የወጣው ነዳጅ

ያረጀ ቤንዚን በሃይላንድ ወይም በዘይት ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ሕፃናት ይጠጡታል። ቦይ ውስጥ ሲደፋ ውሃ ይበክላል። መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ደግሞ ትነቱ ተጠራቅሞ በአንድ ሲጋራ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃና ዝቃጭ የሌለው፣ ብዙም ያልቆየ ነዳጅ በጥቂቱ ከብዙ ትኩስ ቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በመኪና ሊቃጠል ይችላል፤ የተበላሸው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚያሰጋው በነጭ ጋዝ ፋንታ በኩራዝ ወይም በቡታጋዝ ውስጥ መጨመሩ ነው። ነጭ ጋዝ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ግን በክፍል ሙቀትም ትነት ስለሚሰጥ ኩራዙ ሲለኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱ በጀሪካን ውስጥ በዓይን አይለዩም፤ የቆየ ቤንዚንም ስለታም ሽታውን በከፊል ያጣል። ስለዚህ ጀሪካኑ ላይ «ያረጀ ቤንዚን» ተብሎ በጉልህ ይጻፍበታል፣ ከማብሰያ ቤትም ርቆ ይቀመጣል።