አንዲት ቤተ ክርስቲያንና ብዙ ቤተ እምነቶች፡ ከወሎ ምድር የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ሁሉም ክርስቲያን ነው፤ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር በዚህ ዘመን በከተማም በገጠርም ይሰማል። አነጋገሩ ከፍቅር የመነጨ ስለሚመስል ብዙ ምእመናን መልስ ያጡለታል። በሌላ በኩል ደግሞ በአጥቢያው አስተዳደር ወይም በአንድ አገልጋይ ጠባይ ያዘነ ሰው ከቅዳሴው ርቆ፣ ከንስሐ አባቱ ተለይቶ፣ ለብቻው መቆምን እንደ መፍትሔ ሲቈጥር እናያለን። የመጀመሪያው ሃይማኖትን የሚለይ ነገር እንደሌለ ያስባል፤ ሁለተኛው በማይለይ ነገር ይለያል። ሁለቱም የሚስቱት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን አንድነት በምን እንደሚጸና አለማስተዋል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት ምንነት በአጭሩ ካየን በኋላ፣ በሀገራችን ታሪክ የተነሡ ሦስት ዓይነት ልዩነቶችን እንመለከታለን። እነርሱም የሥርዓት፣ የሃይማኖትና የአስተዳደር ልዩነቶች ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ መድኃኒት አለው፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው መስጠት ግን ቍስሉን ያብሳል።

አንዲት መባሏ ምን ማለት ነው?

በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ፣ በ381 እ.ኤ.አ. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ቤተ ክርስቲያን አንዲት፣ ቅድስት፣ ኵላዊትና ሐዋርያዊት መሆኗን በጸሎተ ሃይማኖት አጽንተውልናል። «አንዲት» የሚለው ቃል ስለ ሕንፃ ወይም ስለ ጽሕፈት ቤት አይናገርም። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ አካል ናት፤ ራሷም እርሱ ነው። ራስ አንድ ከሆነ አካሉም አንድ ነው። ስለዚህ አንድነቷ ሰዎች ተሰብስበው በስምምነት የሚፈጥሩት ሳይሆን ከጌታ የተቀበሉትና የሚጠብቁት ጸጋ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ምእመናን መካከል እያንዳንዱ በየመምህሩ ስም መጠራት በጀመረ ጊዜ የወቀሳቸው፣ ክርስቶስ የማይከፈል መሆኑን እያስታወሰ ነው (1ኛ ቆሮ. 1፥10-13)።

ይህ አንድነት በሦስት ነገር ይታወቃል፤ በአንድ ሃይማኖት፣ በአንድ ጥምቀትና ቍርባን፣ ከሐዋርያት ሳይቋረጥ በመጣ ክህነት። የቋንቋ፣ የዜማ፣ የልብሰ ተክህኖና የአስተዳደር መለያየት ይህን አያፈርስም። ቤተ ክርስቲያናችን ከግብፅ፣ ከሶርያ፣ ከአርመን፣ ከሕንድና ከኤርትራ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ጋር በሃይማኖት አንድ ናት፤ ሁሉም ግን የየራሳቸው ሲኖዶስ አላቸው። መሪዎቻቸው በጥር ወር 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) በአዲስ አበባ ተሰብስበው የመከሩትም በዚህ አንድነት ነው። በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ ሲሾሙም ከእስክንድርያ መንበር ጋር ያለን የሃይማኖት አንድነት አልተቋረጠም።

«ቤተ እምነት» የሚለው አሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ451 እ.ኤ.አ. በኬልቄዶን፣ በ1054 እ.ኤ.አ. በሮምና በቍስጥንጥንያ መካከል የተፈጠሩት መለያየቶች ከባድ ነበሩ፤ ሆኖም የተለያዩት ሁሉ እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን አንዲት መሆኗን ያምኑ ነበር። ከ1517 እ.ኤ.አ. ወዲህ በምዕራቡ ዓለም ተሐድሶ ከተነሣ በኋላ ግን እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን የማትታይ ናት፣ የሚታዩት ማኅበራት ሁሉ ደግሞ ክፍሎቿ ናቸው የሚል ትምህርት ቀስ በቀስ ተስፋፋ። በዚህ አሳብ መሠረት ሰው ቤተ እምነቱን እንደ ምርጫው ይይዛል፣ ይለውጣልም። ኦርቶዶክሳዊ ትምህርት ይህን አይቀበልም፤ ምክንያቱም ስለ ሥጋ ወደሙ፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ትምህርቶች የአንድ እውነት ክፍሎች ሊሆኑ አይችሉም።

የሥርዓት ልዩነት፡ ከሐይቅ እስከ ደብረ ምጥማቅ

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ከምትገኘው ግራና ተነሥቶ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ሐይቅን፣ ቀጥሎም ከደሴ ከተማ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳን ያገኛል። የእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ስም ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥትም ትልቅ ሥልጣን ነበረው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ልትከበር ይገባታል ብለው ሲጸኑ፣ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳትና የሐይቅ አለቆች ተቃወሟቸው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተሰድደው በአርመን ምድር ዐረፉ፤ ልጆቻቸውም ከጳጳሳቱ ክህነት አንቀበልም እስከ ማለት ደረሱ። ነገሩ በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ሁለት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሀገር በተተከሉ ነበር።

ዐፄ ዳዊት በ1404 እ.ኤ.አ. የኤዎስጣቴዎስ ወገኖች ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። በ1450 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሸዋ ደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የሁለቱን ሰንበታት መከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነትን ለመቀበል ተመለሱ። አንዱ ወገን በሥርዓት ለቀቀ፤ ሌላው በክህነት ታዘዘ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱንም ሰንበታት ታከብራለች፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐንም አቡነ ኤዎስጣቴዎስንም ቅዱሳን ብላ ትዘክራለች። የሥርዓት ልዩነት መድኃኒቱ ትዕግሥትና መደማመጥ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

የሃይማኖት ልዩነት፡ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1622) የሮምን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ሀገሪቱ በደም ታጠበች። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖተ አበው ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲልም ነገሡ። ይሁን እንጂ ከኢየሱሳውያን ጋር የተደረገው ክርክር በሊቃውንቱ መካከል ሌላ ጥያቄ ትቶ አለፈ። ጥያቄውም ቅዱሳት መጻሕፍት ክርስቶስ ተቀባ ሲሉ፣ ሥጋ የከበረው በምንድር ነው? የሚል ነበር።

የተዋሕዶ ሊቃውንት ቃል ሥጋን በተዋሐደ ጊዜ ሥጋ በራሱ በተዋሕዶ ከበረ፣ ልደቱም ሁለት ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ፣ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን አሉ። ቅብዓቶች የሥጋ ክብር በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት የተገኘ እንጂ በተዋሕዶ ብቻ አይደለም አሉ። ጸጎች ደግሞ በጸጋ የሆነ ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አልነበረም፤ የእኛ ሥጋ በክርስቶስ ምን እንደሆነ፣ መዳናችንም በምን እንደጸና የሚወስን ነውና። ልዩነቱ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ገዳማትንና አውራጃዎችን ከፈለ፤ ቅብዓት በጎጃም፣ ጸጋ በሸዋ በረቱ።

በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1878) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የሸዋ የጸጋ ሊቃውንትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ተከራከሩ፤ ከእስክንድርያ መንበር የመጣው መልእክትም የሁለት ልደትን ትምህርት አጸና። ጉባኤው ተዋሕዶን የሀገሪቱ ሃይማኖት አድርጎ ወሰነ። ዛሬ የምንመሰክረው ሃይማኖት ይህ ነው፤ ስለዚህም ጉባኤ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ነገር ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። ካልተቀበሉት መካከል ምላሳቸው የተቈረጠ እንዳሉ የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ተባሉ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙዎች በግዳጅ ተጠመቁ፣ ሌሎች ተሰደዱ፣ ሌሎችም ዐመፁ። በላይ ክርስቲያን መስለው በልባቸው የቀድሞ እምነታቸውን የያዙ ነበሩ። ወሎ ይህን አልረሳም፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ በሚኖርባት ምድር ሊረሳም አይችልም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ በሃይማኖት ጉዳይ መካከለኛ መንገድ አለመኖሩ ነው፤ አባቶቻችን ለሰላም ሲሉ «ሁለት ልደትም ሦስት ልደትም ያው ነው» አላሉም። ሁለተኛው፣ የቀናችውን ሃይማኖት ሰይፍ ሊያስረዳላት አለመቻሉ ነው። በወሎም ሆነ በሸዋ ተዋሕዶን በሰው ልብ የተከላት የመምህራን ወንበር እንጂ ዐዋጁ አይደለም። በቦሩ ሜዳ ሥላሴ ጉባኤ ዘርግተው ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ስማቸው እስከ ዛሬ በደሴ በትምህርት ቤት መጠሪያነት ይታወሳል። በአንጻሩ የቅብዓት ትምህርት ከጉባኤው በኋላም በምሥራቅ ጎጃም አንዳንድ ቦታዎች መቈየቱ፣ ውሳኔ ያለ ማስተማር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል።

የአስተዳደር ልዩነት፡ ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም.

ሦስተኛው ልዩነት በዘመናችን የታየ ነው። የመንግሥት ለውጥ ከተደረገ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ አምስተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በዚህም በውጭ ሀገር የሚኖረው ምእመን በሦስት ተከፈለ፤ በሀገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር፣ በስደት ባለው ሲኖዶስ ሥር፣ ከሁለቱም ሳይሆን «ገለልተኛ» በሚል ስም። ጸሎተ ሃይማኖቱ አንድ፣ ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ ነበር፤ የሚለየው በቅዳሴ ስሙ የሚጠራው ፓትርያርክ ነበር። ይሁን እንጂ ቍስሉ ቀላል አልነበረም። በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ያሉ አጥቢያዎች ምእመናን አብረው ላይቈርቡ ቻሉ፤ ሲኖዶሶቹም ተወጋግዘው ነበር።

በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ ዕርቅ ተፈጸመ፤ ውግዘቱም ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ ከአቡነ ማትያስ ጋር ወደ ሀገራቸው ገቡ፤ የሁለቱም አባቶች ስም በቅዳሴ እንዲጠራ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ እንዲያገለግሉ ተወሰነ። ማንም እንደገና አልተጠመቀም፤ ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም። ሃይማኖት ስላልተለያየ፣ የጎደለው ይቅርታ ብቻ ነበርና።

ይህ ዓይነት ፈተና ግን አልተወገደም። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ሲሾሙ፣ ምእመናን ጥቁር ለብሰው አለቀሱ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። በየካቲት ወር ስምምነት ቢደረስም ቍርሾው ገና አልሻረም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በትግራይ ካሉት አህጉረ ስብከት ጋር የተፈጠረው መለያየትም የሁላችን ኀዘን ነው። የቋንቋና የአካባቢ ጥያቄ ተገቢ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ምእመን በሚሰማው ቋንቋ መማሩና መቀደሱ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው። መልሱ ግን በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚገኝ እንጂ እርስዋን በመክፈል የሚገኝ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ውድ ምእመናን! ልዩነት ሲያጋጥመን አስቀድመን ዓይነቱን እንለይ። የሥርዓት ከሆነ፣ ማለትም ከአጥቢያ አጥቢያ የሚለይ ልማድ ወይም ዜማ ከሆነ፣ እንታገሥ። የአስተዳደር ከሆነ አቤቱታችንን በሥርዓቱ እያቀረብን ከቅዳሴውና ከንስሐ አባታችን ሳንለይ ለዕርቅ እንትጋ፤ በሰው በደል ምክንያት ከሥጋ ወደሙ መራቅ በዳዩን አይጐዳም፣ እኛን ይጐዳል እንጂ። የሃይማኖት ከሆነ ግን መምህራንን እንጠይቅ፣ እንማር፣ ከተማርነውም ፈቀቅ አንበል።

በሌላ ቤተ እምነት ካሉ ዘመዶቻችንና ጎረቤቶቻችን ጋር በደስታም በኀዘንም አብረን እንቁም። ፍቅር ሃይማኖትን መደበቅ አይደለም፤ ሃይማኖትም ሰውን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ስለ እምነታችን ሲጠይቁን በትሕትና እንመልስ። የእኛ አነጋገር የመረረ ከሆነ፣ ትምህርቱ ቢቀናም ሰሚ አያገኝም። ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤትና ወደ ጉባኤ ይላኩ፤ ያልተማረ ልጅ «ሁሉም ያው ነው» ለሚለው አነጋገር መልስ የለውምና።

ጌታችን በመከራው ዋዜማ ለሐዋርያትና በቃላቸው ለሚያምኑት ሁሉ አንድነትን ለምኖላቸዋል (ዮሐ. 17፥20-23)። ያንን ልመና የሚሰማ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያንን መከፈል እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይችልም። አምላከ ቅዱሳን የተለያዩትን አንድ ያድርግልን፤ በአንዲት ሃይማኖት ያጽናን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።